ለእርከን የሚጠራ ሕዝብ፣ ለውሳኔ የማይጠራ፦ የድሬዳዋና የሐረር ተፋሰሶች ጉዳይ

ድሬዳዋን የሚያቋርጠው ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ወንዝ አይመስልም። ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር የሚሻገር ሰው ከድልድዩ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከት የሚያየው ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየሎች ያቋርጡታል፣ ገልባጭ መኪና ወርዶ አሸዋ ይጭንበታል። የድሬዳዋ ሰው ግን ይህ ደረቅ አሸዋ ምን ማድረግ እንደሚችል ያውቃል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ከደጋው ላይ የተነሣው ጎርፍ ዳርና ዳር የነበሩትን ሰፈሮች ጠርጎ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በሺዎች የሚቆጠሩትንም ያለ ቤት አስቀርቷል። ከዚያ በፊትም በ1973 ዓ.ም. ብዙ ሰው የፈጀ ጎርፍ መጥቶ ነበር። ከ1998ቱ አደጋ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፣ ከከተማው በላይ ባሉት ተራሮችም እርከንና ክትር (በቦረቦር ላይ የሚሠራ የጎርፍ ማገጃ) ተገንብቷል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግንቡን ሳይሆን ተራሮቹን ነው፤ በተለይም በእነዚያ ተራሮች ላይ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚከለከል የሚወስነው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ወደ ሐረር የሚወስደውን መንገድ ይዞ ደንገጎን የሚወጣ መንገደኛ በአጭር ርቀት ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለ ደጋ ይደርሳል፣ ጆሮውም በመንገድ ላይ ይደፈናል። ደቻቱን፣ ጎሮንና ቡቱጂን የመሳሰሉ የከተማዋ ደረቅ ወንዞች ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ገደላማ ተዳፋት ነው። ዝናቡ በብዛት የሚጥለው ከላይ ነው፣ መሬቱ ቁልቁለት ነው፣ አፈሩ ስስ ነው፣ ስለዚህም ከላይ የወረደ ውኃ ከተማ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ አጭር ነው። በዚያ ተዳፋት ላይ የሚኖረው አርሶ አደር ማሽላውን የሚዘራበት፣ ጫቱን የሚተክልበት፣ ፍየሉን የሚያሰማራበት መንገድ ከታች በአፈተኢሳና በአዲስ ከተማ ሰፈሮች የሚኖረውን ሰው ሕይወት በቀጥታ ይነካል። ሁለቱ ግን አይተዋወቁም፤ ምናልባት ቀፊራ ገበያ ላይ በሻጭና በገዥነት ይገናኙ ይሆናል እንጂ ስለሚጋሩት ተራራ አብረው ተቀምጠው ተነጋግረው አያውቁም።

ያው ተራራ ደግሞ የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ምንጭም ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው። የሳቢያን ሰፈር ጉድጓዶች ከተማዋን ለአሥርተ ዓመታት ያጠጡት ከደጋው ሰርጎ በሚወርደው ውኃና ጎርፍ በደረቁ የወንዝ ወለሎች ላይ ሲያልፍ አሸዋው በሚያስቀረው ውኃ እየተሞሉ ነው። ተዳፋቱ ሲራቆት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይበላሻል፤ በክረምት የሚወርደው ጎርፍ ይጨምራል፣ በበጋ የሚቀዳው ውኃ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር በደንገጎ ተዳፋት ላይ የተሠራ አንድ ጥሩ እርከን ከታች ላለው ሰው ግንብም ጉድጓድም ነው። ይህን ያህል ዋጋ ያለው ሥራ በማን ጉልበት፣ በማን መሬት፣ በማን ፈቃድ ይሠራል ብሎ መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በአገር ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ ይህንኑ በአካባቢ ጥበቃ ረገድ ያጠናክረዋል፤ የአካባቢ ደኅንነትን የሚመለከት ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍም ሥራ ላይ ሲውልም ጉዳዩ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ መደረግ አለበት ይላል። እዚህ ላይ ሲነደፍ የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል፤ ሕጉ ሕዝቡ እንዲጠራ የሚፈልገው ወረቀቱ ገና ባዶ ሳለ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በበኩሉ የግምገማ ጥናቶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑና አስተያየት እንዲሰበሰብባቸው ያስገድዳል። የግብርና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው ማኅበረሰብ አቀፍ የተፋሰስ ልማት መመሪያም ቢሆን ሥራው ከ200 እስከ 500 ሄክታር በሚደርሱ ትንንሽ ተፋሰሶች እንዲከፈልና በእያንዳንዱ ውስጥ ነዋሪው ራሱ የመረጠው የዕቅድ ቡድን እንዲኖር ያዛል። ከዚያ በኋላም የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ተደራጅተው ያለሙትን የሚያስተዳድሩበት ሕጋዊ መንገድ ተከፍቷል። የሕግ እጥረት አለብን ለማለት የሚያስደፍር ነገር የለም።

እንግዲህ መሬት ላይ ያለው ተሳትፎ ምን ይመስላል? ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የበጋው የተፋሰስ ሥራ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው፣ ከከተማዋ በላይ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ስብሰባው የተያዘው ለጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር፣ የተጀመረው 5 ሰዓት ላይ ነው። በግራር ጥላ ሥር ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ተቀመጡ። ከከተማ የመጡት ባለሙያ ትልቅ ካርታ በሁለት ልጆች አስይዘው በአማርኛ ማስረዳት ጀመሩ፤ አንድ ወጣት በየመሐሉ ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልስላቸዋል፣ ነገር ግን የአምስት ደቂቃውን ንግግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚመልሰው። በካርታው ላይ አንድ ተረተር በአረንጓዴ ተቀብቷል፤ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የሚሆነው እሱ ነው። ካርታው ቀድሞ ያለቀ ነው። የተዘረጋው ወረቀት ደግሞ ሌላ ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ፊርማ። ተሰብሳቢው በየተራ እየተነሣ ፈረመ፣ መፈረም የማይችለው አውራ ጣቱን አስነካ። ያ ወረቀት በሪፖርት ላይ የሕዝብ ተሳትፎ ተብሎ እንደሚገባ ለማወቅ ብዙ ልምድ አያስፈልግም።

ሁለት ሰዎች ግን ተናገሩ። አንደኛው በዕድሜ የገፉ ሽማግሌ ነበሩ። ወደ ካርታው አልሄዱም፤ ከተቀመጡበት ቁጢጥ ብለው መሬቱ ላይ በከዘራቸው ጫፍ ሁለት መስመር ጫሩ፣ በአንደኛው ላይ ሦስት ጠጠር ደረደሩ። ክትሩ እንዲሠራ የታሰበው በዚህኛው ቦረቦር ነው፣ ውኃው ግን ከዓመታት ወዲህ በዚያኛው ነው የሚወርደው፣ ከላይ ያለው የጫት ማሳ ሲሰፋ መሄጃውን ቀይሯል አሉ። ባለሙያው በአክብሮት አዳመጧቸው፣ ራሳቸውንም ነቀነቁ፣ ክትሩ ግን ካርታው ባለበት ቦታ ተሠራ። ሁለተኛዋ ከኋላ ከተቀመጡት አንዲት እናት ናቸው። ንግግራቸው አጭር ነበር፤ ‹‹ልጄ፣ ተረተሩን ዝጉት፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ከነገ ጀምሮ አምስቱን ፍየሎቼን የት ነው የማውላቸው?›› የተሰጣቸው መልስ ሣሩ ሲያድግ አጭደው እንደሚወስዱ ነበር። ሣሩ ማደጉ ሁለት ክረምት ይፈልጋል፣ ፍየል ግን በየቀኑ ነው የሚበላው።

ከዚያ ስብሰባ ይዤው የተመለስኩት ቁም ነገር ይህ ነው። በአካባቢያችን ተሳትፎ የሚለው ቃል ትርጉሙ ጠቦ ጉልበት ማዋጣት ብቻ ሆኗል። ሕዝቡ ተሳተፈ ሲባል ስንት ሰው ስንት ቀን ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ሠራ ማለት ነው፤ ስንት ሰው ስለ ምን ተጠየቀ፣ ምን መለሰ፣ በመልሱስ የዕቅዱ የትኛው ክፍል ተለወጠ የሚል ዓምድ በሪፖርቱ ውስጥ የለም። ጉልበቱ የሚናቅ አይደለም፤ በጥርና በየካቲት ፀሐይ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣው ገበሬ የሚሠራው ሥራ ለከተማው ሰው የሚሰጠው ስጦታ ነው። ነገር ግን ሳይጠየቅ የሰጠውን ሰው በሚቀጥለው ዓመት ቆሞ እንዲጠብቀው መጠየቅ አይቻልም።

ይህን የምለው ከግምት ተነሥቼ አይደለም፤ አገሪቱ አንድ ጊዜ በትልቁ ሞክራው አይታዋለች። በደርግ ዘመን፣ በተለይም ከ1970ዎቹ ድርቅ በኋላ፣ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በሰሜንም በሐረርጌም እጅግ ብዙ እርከን ተሠርቷል፣ ብዙ ችግኝ ተተክሏል፣ ብዙ ተራራ ተከልሏል። ቦታውን የመረጠው፣ ዛፉን የመረጠው፣ ክልከላውን ያወጀው ከላይ ያለው አካል ነበር፣ ገበሬው የሚያውቀው የሚሰፈርለትን ስንዴና ዘይት ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ በመካከል ባለቤት በጠፋባቸው ወራት፣ በየቦታው የተከለለው ደን ተጨፈጨፈ፣ እርከኑም ፈረሰ። ያፈረሱት እነዚያው የሠሩት እጆች ነበሩ። ይህ የሆነው ገበሬው የአፈርን ጥቅም ስላልተረዳ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የሐረርጌ ገበሬ በገዛ ማሳው ላይ፣ ማንም ሳያዘው፣ ከአባት ከአያቱ በተማረው መንገድ ድንጋይ ደርድሮ እርከን ሲሠራና ሲጠግን የኖረ ነው። ያፈረሰው የመንግሥት ነው ብሎ ያሰበውን ነው፣ የራሱን አላፈረሰም።

ሁለተኛው ትምህርት ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ ለሐረር፣ ለአወዳይና ለሐሮማያ ከተሞች ለአሥርተ ዓመታት የውኃ ምንጭ ነበር። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። በሐይቁ ወለል ላይ ከብት ሲግጥ፣ ሰው ሲያርስ ያየን ሰዎች ያንን ከዓይናችን ማውጣት አልቻልንም። ሐይቁን ያደረቀው አንድ በደለኛ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ይሆን ነበር። ከዙሪያው ተራሮች የታጠበ ደለል ወለሉን ሞላው፤ በዳርቻው ያሉ ገበሬዎች ጫትና አትክልት ለማጠጣት በሞተር ፓምፕ ሳቡት፤ ከተሞቹ እያደጉ ሲሄዱ ከመጠጥ ውኃ ጣቢያው የሚቀዳው ጨመረ፤ ሙቀቱና ትነቱም የራሱን ወሰደ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያቱ የሚያሳምን ነው። ገበሬው የዓመት ቀለቡን የሚገዛው ከጫቱ ነው፣ የሐረር እናት ደግሞ ልጇን የምታጥበው ከቧንቧው ነው። የጠፋው ነገር የሁሉንም ድርሻ አንድ ላይ የሚቆጥር ገበታ ነው፤ ገበሬውም፣ የከተማው ውኃ አገልግሎትም፣ በላይ ተዳፋት ላይ የሚያርሰውም አንድ ላይ ተቀምጠው በዚህ ዓመት ሐይቁ ይህን ያህል ወርዷል፣ ማን ስንት ይቀንስ ተባብለው የሚወስኑበት ገበታ። የሐይቁ ውኃ መቀነስ በድንገት የመጣ አልነበረም፣ ዳርቻው በየዓመቱ ሲሸሽ ሁሉም በዓይኑ ያይ ነበር። ማየት ግን ለመወሰን አይበቃም፣ ለመወሰን የሚያስቀምጥ ቦታ ያስፈልጋል። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት በተፋሰሱ ላይ ከተሠራው ሥራና ከተሻለው ዝናብ ጋር ተመልሶ ውኃ መያዙ የሚያስደስት ነው። ፓምፖቹም አብረው እንደተመለሱ ግን በዳርቻው የሚያልፍ ሁሉ ያያል፤ ስለዚህ የገበታው ጥያቄ ከ20 ዓመት በፊት ከነበረበት ብዙ አልተንቀሳቀሰም።

የሐይቁ መድረቅ ሐረርን ወደ ድሬዳዋ ቆላ እንድትመለከት አስገደዳት። በ2000ዎቹ ከአሰሊሶ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ተቆፍሮ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ፣ የደንገጎን ዳገት በፓምፕ እየተገፋ ወጥቶ ሐረር እንዲደርስ ተደረገ። ከአዋሽ ተፋሰስ የተቀዳ ውኃ ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ተሻገረ ማለት ነው። በምሕንድስናው ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ቧንቧው በሚያልፍባቸው መንደሮች የሚኖረው ሰው፣ ከጓሮው ሥር እየሮጠ የሚያልፈውን ውኃ ድምፅ እየሰማ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ከሩቅ ቦኖ የሚቀዳ ከሆነ፣ ያ ሥራ ሰላም ሊያገኝ አይችልም። የመብራት መቆራረጥ ፓምፖቹን ባቆመ ቁጥር ሐረር ትጠማለች፤ ከዚያም በላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት በውኃው መነሻና መተላለፊያ አካባቢዎች ከነበረው ቅሬታ የተነሣ የሐረር ነዋሪ ለሳምንታት ውኃ ተቋርጦበት በቦቴ ሲታደል አይተናል። በዚያን ጊዜ ብዙዎቻችን የተነጋገርነው ስለ ሕግ ማስከበር ነበር። ውኃ መዝጋት ሕፃናትንና ሕሙማንን የሚቀጣ ክፉ ድርጊት ነው፣ በዚህ ላይ አልከራከርም። ነገር ግን ውኃው ከመነሣቱ በፊት ከእነዚያ ሰዎች ጋር የተደረሰ፣ የተጻፈ፣ እነሱም የኛ ነው የሚሉት ስምምነት ቢኖር ኖሮ ቅሬታው የሚቀርብበት በር ከቧንቧው መዝጊያ ሌላ ይሆን ነበር።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ከባድ እንቅፋት አለ፤ እሱም የአስተዳደር ወሰን ነው። ውኃ የአስተዳደር ወሰንን አያውቅም የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ይነገራል፣ በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ በየዕለቱ የሚኖር ነው። ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ውኃ ከፊሉ የሚነሣው ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች፣ ከፊሉ ደግሞ ከኦሮሚያ ክልል የምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎች ነው። ሐረሪ ክልልም ዙሪያውን በምሥራቅ ሐረርጌ የተከበበ ነው። የተፋሰስ ዕቅድ ግን የሚወጣው፣ በጀቱም የሚመደበው፣ ሪፖርቱም የሚቀርበው በየአስተዳደሩ ነው። በአንድ ተራራ ከወዲህ ያለው ገጽ ታክሞ ከወዲያ ያለው ሲቀር፣ ጎርፉ ባልታከመው በኩል ይወርዳል። በደቻቱ የላይኛው ተፋሰስ የሚኖሩ ሰዎች፣ ወረዳቸው የየትኛውም አስተዳደር ይሁን፣ በአንድ የተፋሰስ ማኅበር ውስጥ የሚቀመጡበት አሠራር እስካልተፈጠረ ድረስ የትኛውም ስብሰባ ግማሽ ስብሰባ ነው። ይህ የፖለቲካ ጉዳይ እንደሆነ፣ የወሰን ጥያቄ በምሥራቁ ክፍል ስሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ሰው ስለ ወሰን ሳይስማማ ስለ ክትር ሊስማማ ይችላል፤ በሐረርጌ ገጠር ጉዛ ተብሎ የሚታወቀው የመረዳዳት ወግ ጎረቤት የጎረቤቱን እርሻ አብሮ እንዲያርስ ሲያደርግ የቀበሌ መታወቂያ አይጠይቅም።

ብዙ ባለሙያዎች በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፣ በቅንነት ስለሚነሣም በቅንነት መመለስ ይገባዋል። የተፋሰስ ሥራ ቴክኒካዊ ነው፤ የተዳፋቱ መጠን፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የጎርፉ ብዛት ይሰላል እንጂ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም፤ በዚያ ላይ ጊዜ የለም፣ ሥራው ከአዝመራ ስብሰባ በኋላና በልግ ሳይገባ ማለቅ አለበት ይላሉ። እውነት አላቸው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ የተተካው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ሲደነግግ መነሻው የስበት ሕግ ነበር፣ የስበት ሕግ ደግሞ ድምፅ አይሰጥበትም። ነገር ግን ያ ሕግ በወጣበት ጊዜም ከዚያ ወዲህም እጅግ ተዳፋት የሆነው መሬት ሲታረስ እንደኖረ ከደንገጎ መንገድ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። የሚያርሰው ሰው ሕጉን ስላልሰማ አይደለም፣ ሌላ መሬት ስለሌለው ነው። ‹‹ይህን ተረተር ብትተወው በምትኩ ምን ትይዛለህ?›› የሚለው ጥያቄ ደግሞ በሒሳብ መሣሪያ አይመለስም፤ ሰውየው ራሱ ካልተጠየቀ መልሱ አይገኝም። ሽማግሌው በጠጠር ያሳዩት የውኃ መንገድም እንዲሁ ነው። በሳተላይት ምስል ላይ ያልታየ፣ በቦታው የኖረ ሰው ብቻ የሚያውቀው መረጃ ነበር፣ ባለሙያውን የሚረዳ እንጂ የሚቃወም አልነበረም። የዚያን ዓመት ክረምት ውኃው እሳቸው ባሉት ቦረቦር ወረደ፣ አዲሱ ክትር ግን ደረቅ ሆኖ ቆሞ ከረመ።

የሴቶቹ ድምፅ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። ውኃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚለቅሙት፣ ፍየልና በግ የሚጠብቁት በብዛት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ተራራ ሲከለል የመጀመሪያውን ዋጋ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ስብሰባ የሚጠራው ግን እነሱ ውኃ ለመቅዳት በሚሄዱበት ሰዓት፣ ወይም ጫት ወደ አወዳይና ወደ ድሬዳዋ በሚጫንበት የገበያ ቀን ነው። ሰዓቱን መለወጥ ገንዘብ አይጠይቅም። በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ መነጋገርም እንዲሁ፤ በድሬዳዋ ገጠር ስብሰባን በአማርኛ መምራት ከተሰብሳቢው አብዛኛውን ከወዲሁ አድማጭ ብቻ ማድረግ ነው። እኔ ይህን በአማርኛ የምጽፈው አንባቢዬ በአብዛኛው የከተማ ሰው ስለሆነ ነው፤ ደግሞም ከውሳኔው የቀረው የከተማውም ሰው ነው።

የከተማው ሰው ስለ ተፋሰስ ሲነሣ ጉዳዩ የገጠር፣ የገበሬ ይመስለዋል። የሳቢያን ጉድጓዶች ግን በከተማ መሐል ያሉ፣ በላያቸው ሰፈር የተሠራባቸው ናቸው። የፍሳሽ መስመር በሌለበት ከተማ እያንዳንዱ ግቢ የቆፈረው የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገው ወደዚያው ወደምንጠጣው ውኃ ነው፤ በከርሰ ምድሩ ውኃ ውስጥ ናይትሬት የተባለው በካይ ንጥረ ነገር መጠን ከፍ ብሎ መገኘቱም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ለግንባታ ከደቻቱ የሚጫነው አሸዋም ጎርፍን ይዞ ወደ ምድር የሚያሰርገው ስፖንጅ ነው፣ በተጫነ ቁጥር የሚቀንሰው የወንዙ ውኃ የመያዝ አቅም ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ የከተማዋ ተስፋ ናቸው፤ ሁሉም ግን ውኃ ይፈልጋሉ፣ ውኃው ደግሞ ያው አንድ ነው። በእነዚህ ነገሮች ላይ የሰፈር ነዋሪ አስተያየቱን የሚሰጥበት መድረክ በሕግ አለ፣ በተግባር ግን የግምገማ ጥናት የሚባለውን ሰነድ በእጁ ይዞ ያነበበ ነዋሪ ስንት ነው? በቢሮ መደርደሪያ ላይ ያለ፣ ወፍራም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ነው ሊባል አይገባም።

አይቻልም የሚል ካለ ከዚሁ አገር ምሳሌ ላንሣ። በትግራይ የምትገኘው አብርሃ ወአጽብሃ በአንድ ወቅት መሬቷ ከመራቆቱ የተነሣ ነዋሪዎቿን ወደ ሌላ ቦታ ማስፈር እስከመታሰብ የደረሰባት መንደር ነበረች። ነዋሪዎቹ አንሄድም ብለው፣ የትኛው ተራራ እንደሚከለል፣ ሣሩ ለማን እንደሚታጨድ፣ ደንቡን የጣሰ ምን እንደሚቀጣ ራሳቸው ተሰብስበው ደንግገው፣ ክትርና እርከን ሠርተው ምንጮቻቸውን መለሱ፤ በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳቶር ሽልማት ተሰጣቸው። ባለሙያ ረድቷቸዋል፣ ድጋፍም አግኝተዋል። ክልከላውን ያጸናው ግን የገዛ ደንባቸው ነው፤ ጠባቂው የጎረቤት ዓይን ነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ከዚያ የሚለይ አንድ ነገር አለ። የተፋሰሱ ጥቅም በብዛት የሚደርሰው ከተራራው በታች ላለው ከተሜ ነው። ስለዚህ ከፈቃድ ጋር ክፍያም አብሮ ሊነሣ ይገባል። በድሬዳዋና በሐረር ቧንቧ ከምንከፍለው የውኃ ሒሳብ ላይ በጣም ትንሽ ድርሻ ተለይቶ፣ በላይኛው ተፋሰስ ላሉ ማኅበራት በራሳቸው ውሳኔ ለሚጠቀሙበት ሥራ ቢውል፣ የእናትየው አምስት ፍየሎች ሁለቱን ክረምት በመኖ ግዢ ሊከርሙ ይችላሉ። እርግጥ የውኃ ዋጋ መጨመር ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሚያገኝ ሰው ደስ አያሰኝም፤ እሱም መጠየቅ አለበት፣ ምን እንደሚከፍልና ለማን እንደሚደርስ ተነግሮት።

የበጋው ሥራ የሚጀመረው በጥር ነው። ስብሰባው መደረግ ያለበት እንግዲህ በኅዳር ነው፣ ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላና ካርታው ከመቀባቱ በፊት። የጉድጓዶቹ የውኃ ደረጃ ካለፈው ዓመት ስንት ሜትር እንደወረደ ወይም እንደወጣ የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ተጽፎ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሊለጠፍ ይችላል። የተሰብሳቢው ስም ከሚጻፍበት ወረቀት ጎን ሌላ ወረቀት ሊኖር ይችላል፤ የተናገረው ሰው፣ የጠየቀው ነገር፣ የተሰጠው መልስ፣ በመልሱ የተለወጠው የዕቅዱ ክፍል። በዚያኛው ወረቀት የመጀመሪያ መስመር ላይ የሚገባውን አውቀዋለሁ፤ አምስት ፍየሎች፣ ከነገ ጀምሮ፣ የት።